ቃል ያልተከተለው ትንፋሽ

ትናንት ጠዋት ልጄን «ፊትሽን ታጠብሽ?» አልኋት። አራት ዓመቷ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እየጎተተች፣ ቀና ሳትል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። አዎ ማለቷ ነው። እኛ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ይመልሳል፤ አባቷም፣ እናቴም፣ እኔም። ከየትም አላመጣችውም።

እኔ ግን ጮህሁባት። «በአፍሽ ተናገሪ! አዎ በይ!»

ልጅቱ ደነገጠች። ክሩ ከእጇ አመለጠ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን አደረገችሽ?» አለችኝ። ምን አደረገችኝ? ምንም። ጎንበስ ብዬ ክሩን አሰርሁላት። ቀኑን ሙሉ ግን ያች ትንሽ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። የበረኪና ሽታ፣ የራሰ ወረቀት ሽታ ይዛብኝ መጣች። ለማንም ያላወራሁትን ነው ዛሬ ላንቺ ለጓደኛዬ የማወራሽ።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ በጽዳት ተቀጥሬ ነበር። የእንስሳት ጤና ያስተምሩበታል። ሕንፃው አሮጌ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ የብረት መዝጊያ ያላቸው ነበሩ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ሲመጣ መዝጊያዎቹ እየተላተሙ ይጮሃሉ። ክፍሎቹ ከፎቁ ላይ ናቸው፤ ውኃው ደግሞ ከግቢው በታች ካለው ቧንቧ ነው የሚቀዳው።

ዓይን አፋር ነበርሁ። አሁንም ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ብሶብኝ ነበር። ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነበር የምመልስ። ተማሪዎቹ በዕድሜ እኩዮቼ ናቸው፤ ሲያልፉ ፊቴን አዞርና የወለወልሁትን መልሼ እወለውላለሁ። የግድ መናገር ካለብኝ አስቀድሜ ንግግሩን በሆዴ አዘጋጃለሁ፣ አንዴ ሁለቴ እለዋለሁ፣ ከዚያ ወንዝ ሊገባ እንዳለ ሰው ትንፋሼን ሞልቼ እጀምራለሁ። ይህን ልብ በይልኝ።

በኅዳር አዲስ መምህር መጡ። ከደቡብ በኩል ናቸው ተባለ። ቀጭን፣ ወጣት፣ ብርድ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ሹራብ ደርበው እያስተማሩ እንኳ በየመሀሉ ጣታቸውን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ። ከእጃቸው አንድ ሰማያዊ ደብተር አይለይም። ልባሱ ደረቅ ነው፤ ውስጡ ሲገለጥ አንድ ቀን በጨረፍታ አይቼዋለሁ፣ የላም ሆድ፣ የፈረስ ጥርስ፣ የበግ እግር በቀይና በአረንጓዴ እስክርቢቶ ተሥሎበታል። ራሳቸው ተማሪ ከነበሩበት ጊዜ ጀምረው የጻፉት ነው አሉ።

ሲያስተምሩ በየመሀሉ «ገባችሁ?» ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን አንድ ላይ ሳበ። ከኮሪደሩ ሆኜ ሰማሁት። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዙ ዞሩ።

«ምን ሆናችሁ? ምን አያችሁ?»

ወደ በሩ ተመለከቱ። እባብ የገባ መስሏቸው ይሆናል።

«ኧረ ምንም አላየን ቲቸር» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። «አዎ ማለታችን ነው።»

«አዎ የሚል ቃል የላችሁም?»

«አለን። ለዓመት በዓል ነው የምናወጣው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም በነጠላዬ ውስጥ ሳቅሁ። መምህሩ አልሳቁም። የሚሳቅባቸው መሰላቸው፤ እውነትም ግማሹ በእሳቸው ነበር።

ያ ከኋላ የተናገረው ልጅ ከጋይንት በኩል የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ረጅም ስለነበር እግሩ ከወንበሩ ሥር አይገባለትም፤ ሁልጊዜ መተላለፊያውን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። ከብት ያውቃል። መምህሩ የበሽታ ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ «ቲቸር፣ ይኼማ አባ ሰንጋ ነው፤ አባቴ ከሩቅ በሽታውን ይለየዋል» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ። መምህሩ ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ። «ገባችሁ?» በተባለ ቁጥር ደግሞ እሱ ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው ትንፋሹን ይስባል። አንዳንዴ ስቦ ስቦ ወንበሩ ላይ ዝርግት ይላል፤ ከጎኑ ያለው «ውኃ! ውኃ አምጡለት!» ይላል። ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

መምህሩ ያልሞከሩት የለም። መጀመሪያ ተቆጡ። ሲቆጡ ግን ቃላቸው ይሰባበር ነበርና ልጆቹ የተሰበረውን ለቅመው ይደግሙባቸዋል። ከዚያ ልጁን ከፊት ወንበር አስቀመጡት፤ ከፊት ሲሆን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ እሱን ማየት ጀመረ። ከዚያ ዝም ማለትን ሞከሩ። ጠመኔውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጫጫታው እስኪበርድ ይቆማሉ። እንዲያ ሲቆሙ ከበሩ ክፍተት አያቸው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ይሁን ሌላ አላውቅም። በመጨረሻ ማስወጣት ጀመሩ።

«ውጣ።»

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

«እታለም» አለኝ የመጀመሪያው ቀን፣ «እኔንም ጥረጊኝና ልገላገል።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ባልዲዬን አነሳና ደረጃውን ወረደ። የሰረቀኝ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ውኃ ሞልቶ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ በተባረረ ቁጥር ውኃዬን የሚቀዳው እሱ ሆነ። ሳልጠይቀው ያወራል፤ ሳልመልስ አይከፋውም። አንድ ቀን መወልወያውን ከእጄ ወስዶ እርጥቡ ወለል ላይ የላም ሆድ ሣለልኝ። አራት ክፍል ነው ያለው። ይች ሳሩ ሳይላም የሚጠራቀምባት ናት፣ ከዚች ወደ አፍ ይመለሳል፣ ይችን ደግሞ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበች ስለሆነች ታውቂያታለሽ፣ እያለ። ሲጨርስ «ገባሽ?» አለኝ። ትንፋሼን ሳብሁ።

«አዎ የሚል ቃል የለሽም?» አለ፣ ልክ መምህሩን መስሎ።

ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ። ከወንድ ልጅ ፊት እንዲያ ስቄ አላውቅም ነበር። ሥዕሉ ወዲያው ደረቀ።

አንድ ቀን ደፍሬ «ለምን ታስቸግራቸዋለህ?» አልሁት። ይህንን ለማለት ሁለት ቀን ተዘጋጅቻለሁ።

«አልጠላቸውም እኮ» አለ። «ከደብተሩ ቀና አይሉም እንጂ። አንድ ቀን ዘግተውት ‹አንተስ ምን ታውቃለህ?› ቢሉኝ ዝም እል ነበር።»

ይህን ለእኔ ነገረኝ። በክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነበር ያለው። አንድ ቀን ሁሉ እየሰማ «ያን ደብተር ውኃ በወሰደልን!» ብሎ ነበር። ያን ቀን ተስቆ ታለፈ።

ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ተገሠጸ። በሁለተኛው አባቱ ተጠሩ። ሌሊት ተነሥተው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸው ጭቃ ነክቶታል። መምህሩን ኮሪደር ላይ ሲያገኟቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉላቸው፤ ለልጃቸው እኩያ ሊሆን ለሚችል ሰው።

«ጌታዬ፣ ይምከሩልኝ። እርስዎ ነዎት አባቱ። ከተባረረ ሁለተኛ አልልከውም፤ አቅሜ ይህችው ናት።»

መምህሩ እጃቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ያይ ነበር። የዚያን ቀን ውኃ ሲቀዳልኝ አላወራም። «አንዲት ጥፋት ቀርታኛለች እታለም» ብቻ አለኝ። «ከዚያ ወዲያ ዓመት ነው የሚያባርሩኝ። ዓመት ማለት ደግሞ ለእኔ እስከመቼውም ነው።»

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ዝም አለ። «ገባችሁ?» ሲባል ከሁሉ ጋር በቀስታ ይስባል፤ አይወድቅም፣ አይንፈራገጥም። መምህሩም ለመዱት መሰለኝ። ትንፋሹን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አዎ መሆኑን ተምረዋል።

ያች ቀን የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

መብራት ጠፍቶ ነበር። መምህሩ ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ ሥር ቆመው፣ ደብተሩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አድርገው አስተማሩ። እረፍት ሲሆን ሁሉም ወጣ፣ እሳቸውም ወጡ። ደብተሩ እዚያው ቀረ። እኔ ገብቼ ወለወልሁ። ወለሉ እንዲደርቅ የመስኮቱን መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፈትሁት። ባልዲዬን ከሥሩ አስቀመጥሁ። ደብተሩን አይቼዋለሁ። የሰው ዕቃ መንካት ስለማልወድ አላነሳሁትም።

ልጁ ሁለተኛውን ባልዲ ሊቀዳልኝ ከቧንቧው ነበርና ላግዘው ወረድሁ። ነፋሱ ያኔ መጣ። መዝጊያው ሲላተም ከታች ሰማነው። «መስኮትሽ ሊሰበር ነው» ብሎ እየሮጠ ቀደመኝ። እኔ ባልዲውን ይዤ ከኋላ ነበርሁ። ደረጃውን ጨርሼ በሩ ጋ ስደርስ እሱ ከመስኮቱ ሥር ተንበርክኮ፣ ደብተሩን ከቆሻሻው ውኃ ውስጥ እያወጣው ነበር። ቀዩና አረንጓዴው ቀለም በክንዱ ላይ ይወርዳል። መምህሩ በሌላው በር ገብተው ቆመዋል።

አልጮሁም። ደብተሩን ተቀብለው አንድ ቅጠል ሊገልጡ ሞከሩ፤ ቅጠሉ ተቀደደ። ሁለተኛ ሞከሩ። ከዚያ እቅፋቸው አድርገውት ወጡ፤ ሹራባቸው ራሰ።

«እኔ አይደለሁም ቲቸር!» አለ ልጁ። ዞር አላሉም።

ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ልጁ አስቀድሞ ገብቶ ቃሉን ሰጠ። ሲወጣ ደረጃው ላይ አገኘኝ።

«ነፋስ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። ‹ውኃ በወሰደልን› ማለቴን ሁሉ ጽፈውታል። አንቺን ይጠሩሻል። መስኮቱን ከፍተሽ እንደነበርና ከታች አብረን እንደነበርን ንገሪያቸው። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ንግግሩን አዘጋጀሁ። የማንም እጅ የለበትም፤ መስኮቱን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ መዝጊያው ሲላተም ሁለታችንም ከቧንቧው ነበርን። ይኼው ነው። ስጠርግ አልሁት። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ጠርጌ ሦስት ጊዜ አልሁት።

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢዋ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ ከጎናቸው ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ አንድ ሰው፣ አንድ ዝም ያለ መምህር፣ ከጥግ ደግሞ የደብተሩ ባለቤት እሳቸው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተኝቷል። ክፍሉ የራሰ ወረቀት ይሸታል።

«ነይ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉ ሰብሳቢዋ። «አንዲት ነገር ብቻ ነው የምንጠይቅሽ። ደብተሩን ውኃ ውስጥ የከተተው እሱ ነው?»

ንግግሬ ረጅም ነበር። ትንፋሼን ሞልቼ ሳብሁ።

«አዎ ማለቷ ነው» አሉ መምህሩ ከጥግ። ደስ ብሏቸው አይደለም። ዓይናቸውን ከደብተሩ ሳያነሡ፣ በቀስታ ነው ያሉት።

ሰብሳቢዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚጽፈው ሰው ጻፈ። እስክርቢቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። የሳብሁት ትንፋሽ አሁንም ደረቴ ውስጥ ነበር። እዚያው ነበር ንግግሩም።

«በቃ ልጄ። እዚህ ላይ ፈርሚልን።»

ወረቀቱን አዞሩልኝ። ስድስተኛ ክፍል እኮ ደርሻለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ። «የጽዳት ሠራተኛዋ ተጠይቃ ተማሪው ማድረጉን አዎ ስትል አረጋግጣለች» ይላል። አነበብሁት። ሁለተኛም አነበብሁት። «አዎ አላልሁም» ማለት ሁለት ቃል ነው። ያፈርሁ ብቻ ነኝ ብልሽ እዋሽሻለሁ። መስኮቱን የከፈትሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ባልዲው የእኔ እንደሆነ፣ ይህን ሥራ ባጣ እናቴና እኔ ምን እንደምንሆን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ፈረምሁ። ስሜን ከእነ አባቴ ስም ጻፍሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር፤ የሚጽፈው ሰው «ጎበዝ» አለኝ።

ስወጣ ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ትንፋሽ በተዘጋ በር አያልፍም፤ ምንም አልሰማም ነበር። ብድግ አለ።

«መስኮቱን ነገርሻቸው?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ።

ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ሲፈታ አየሁት። «አውቅ ነበር» አለ። «አንቺስ አታሳፍሪኝም።» ባልዲዬን አነሳና ሊቀዳልኝ ወረደ።

በማግስቱ ውሳኔው ተለጠፈ። አንድ ዓመት። ልጆቹ ማስታወቂያው ፊት ቆመው ማንም አልቀለደም። እሱ ልብሱን በከረጢት ይዞ ሊሰናበተኝ ፎቅ ድረስ ወጣ። የመሰለው፣ እኔ ተናግሬ እነሱ ሳያምኑን የቀሩ ነው።

«የጽዳት ሠራተኛ ናት ብለው ናቁሽ አይደል? ሁለታችንንም ነው የናቁን።» ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገ። «ተመልሰሽ ተማሪ እታለም። ከእኛ ክፍል ካሉት ይልቅ ላንቺ ነው ቶሎ የገባሽ።»

መወልወያውን ይዤ ከደረጃው አናት ቆምሁ። ሌላ ጊዜ ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ረጅም ስለሆነ ሁለት ሁለት እየዘለለ ነበር የሚወርድ። የዚያን ቀን አንድ በአንድ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላሉ። ማንም ትንፋሹን አይስብም፣ ማንም በቃልም አይመልስም። እስክርቢቶ ብቻ ይሰማል። እንደገና «ገባችሁ?» ይላሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል። ከጥቂት ቀን በኋላ መጠየቃቸውን ተዉት። አንድ ቀን ሰሌዳውን ሳጸዳ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ደብተር አልያዙም።

«ጸጥታ ፈልጌ ነበር» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «ይኸው አገኘሁት። ያ ልጅ እኮ ስለ ከብት ያውቅ ነበር። አንድ ቀንም አልጠየቅሁትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እውነቱን ተናገርሽ እንጂ ምን ታደርጊ። አይክፋሽ።»

ዳስተሩን እንደያዝሁ ቆምሁ። ጠመኔው እጄ ላይ ይበናል። ያን ጊዜም ንግግሩ በሆዴ ነበር፣ አንዲት ቃል ሳትጎድልበት። ትንፋሼን እስክሞላ እሳቸው ወጥተዋል። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ አገራቸው ተዛወሩ።

ልጁ በዓመቱ አልተመለሰም። ጋይንት ሄዶ ማን ጠይቆ ያውቃል? እኔም ብዙ ሳልቆይ ሥራውን ተውሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። አሁንም በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው ሲያጋጥመኝ ከብት የሚያክም የገበሬ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ አለ እንዴ ብዬ ልጠይቅ አስብና ቃሉን ስደረድር ሰውየው ያልፋል።

ትናንት ማታ ልጄ ሳትተኛ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ጠዋት የጮህሁባትን እንዳልረሳች ከዓይኗ አወቅሁ። ፀጉሯን ዳሰስሁ።

«ይቅር አልሽኝ?» አልኋት።

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

አዎ ማለቷ ይሆናል። ወይም ልትናገር የፈለገችው ረጅም ነገር ይኖር ይሆናል። እጄን ከፀጉሯ ላይ ሳላነሳ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ጠበቅኋት።